ድምፅን የሚይዝ መሣሪያና «ተቀበል» የሚባለው ዘፈን
ፎኖግራፍና ሲኒማ በጎንደርና በአካባቢው ባህል ላይ ያመጡት ለውጥ

የሰው ድምፅ ከአፍ ከወጣ በኋላ እንደ ጢስ በኖ የሚጠፋ ነገር ሆኖ ብዙ ሺህ ዘመን ኖሮአል። ቃል ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ወይ በሰው ልቡና ተጠብቆ፣ ወይም በብራና ላይ ተጽፎ ብቻ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ግን ይህ ነገር ተለወጠ። አሜሪካዊው ቶማስ ኤዲሰን በ1877 ፎኖግራፍ የተባለውን ድምፅ ቀራጭ መሣሪያ ሠራ፤ ሉሚየር የተባሉት ሁለት ፈረንሳውያን ወንድማማቾችም በ1895 ዲሴምበር 28 ቀን ፓሪስ ላይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል በገንዘብ ለተሰበሰበ ተመልካች አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ድምፅ ያለ አፍ፣ መልክም ያለ አካል ከአገር ወደ አገር ሊዘዋወር ቻለ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

እነዚህ መሣሪያዎች በአውሮጳና በአሜሪካ ስላመጡት ለውጥ ብዙ ተጽፎአል። በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ባለው ደጋ የሆነው ነገር ግን ለብቻው ሊታሰብበት የሚገባ ነው። መሣሪያው የመጣው ድምፅን መያዝ ወደማያውቅ ሕዝብ ሳይሆን፣ ቃልንና ዜማን የሚይዝበት የራሱ ሥርዓት ወዳለው ሕዝብ ነውና። እንግዲህ ሊመረመር የሚገባው ጥያቄ ሕዝቡ ስለ መሣሪያው ምን ያህል ተደነቀ የሚለው አይደለም። ተናጋሪና ሰሚ እርስ በርሳቸው ቃል በሚቀባበሉበት አገር፣ የሚናገር እንጂ የማይሰማ መሣሪያ በገባ ጊዜ ምን ቀረ፣ ምንስ ተገኘ የሚለው ነው።

መሣሪያው ከመምጣቱ በፊት

በጎንደርና በአካባቢው ድምፅ የሚጠበቅባቸው ሁለት ታላላቅ መንገዶች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። አንደኛው የቤተ ክርስቲያን ዜማ ነው። የጎንደር በአታ ለማርያም በአቋቋም ትምህርት የታወቀች ደብር ናት፤ በጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም ደግሞ የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ሊቃውንቱ እንደሚተርኩት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ መምህራን የዜማውን ምልክት ደነገጉ። ምልክቱ ከቃላት የተቆረጡ ጥቃቅን ፊደላት ከንባቡ በላይ ተጽፈው ድምፁ በምን ዓይነት ስልት እንደሚሄድ የሚያመለክቱበት ነው። ነገር ግን ምልክቱን የሚያይ ሁሉ ሊያዜም አይችልም። ፊደሉ የሚያስታውሰው አስቀድሞ ከመምህሩ አፍ ተቀብሎ በቃሉ የያዘውን ብቻ ነው። ስለዚህ የዜማው ዋና መዝገብ ከብራናው ይልቅ ብዙ ዓመት በመምህሩ እግር ሥር የተቀመጠው ተማሪ ራሱ ነው። መምህሩ ያሰማል፣ ተማሪው ይቀበላል፤ ተማሪው ሲስት መምህሩ ያርመዋል።

ሁለተኛው መንገድ የአዝማሪ ዘፈን ነው። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ በመኳንንት አዳራሽ፣ በሠርግ ቤትና በጠጅ ቤት ያዜማል። ከጎንደር ከተማ ብዙም ሳይርቅ ያለው ቡርባክስ የአዝማሪዎች መንደር በመሆን የታወቀ ነው። በአዝማሪ ዘፈን ውስጥ ሰሚው ዝም ብሎ የሚቀመጥ አይደለም። የልቡን ሊናገር የፈለገ ሰው «ተቀበል!» ብሎ ግጥሙን ይነግራል፤ አዝማሪውም ግጥሙን በዜማ አድርጎ ለጉባኤው ይመልሳል። በዚህ መንገድ ሰሚው ገጣሚ ይሆናል፤ አዝማሪውም የሌላውን ሰው ቃል የሚያደርስ አፍ ይሆናል። ፍቅረኛ ለፍቅረኛው፣ ባለጋራ ለባለጋራው፣ ድኻም ለሹሙ በሰምና ወርቅ ሸፍኖ በአዝማሪው አፍ ይናገራል። እንዲህ ያለው ዘፈን ከጉባኤው ተለይቶ ሊቆም አይችልም። ማን ነገረው፣ ለማን ተነገረ፣ ማን ሰምቶ ሳቀ ወይም ፊቱን አጠቆረ የሚለው ሁሉ ከዘፈኑ የማይለይ ክፍል ነውና።

የንግሥቲቱ ድምፅና የመተማ ነገር

ፎኖግራፍ የሚሠራው በቀላል ዘዴ ነው። ድምፅ የአየር መንቀጥቀጥ ስለሆነ፣ በቀንድ መሳይ ቧንቧ ገብቶ ስስ ሽፋንን ያነቃንቃል፤ ከሽፋኑ ጋር የተያያዘችው መርፌ በሚዞር የሰም በርሜል ላይ ጥልቀቱ የሚለያይ ፈር ትቀዳለች። በኋላ ሌላ መርፌ በዚያው ፈር ላይ ስትሄድ ሽፋኑ እንደ ፊተኛው ይንቀጠቀጣል፤ የቀድሞው ድምፅም ይመለሳል። እንግዲህ መሣሪያው ትርጉም አያውቅም፤ የሚያውቀው መንቀጥቀጥን ብቻ ነው።

በኢትዮጵያ ታሪክ ስመ ጥር የሆነው የፎኖግራፍ ሥራ በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ መካከል የተደረገው የድምፅ መልእክት ልውውጥ ነው። ንግሥቲቱ በኦገስት 1898 ለንጉሠ ነገሥቱና ለእቴጌ ጣይቱ የወዳጅነት ቃል በሰም በርሜል ላይ ተናገሩ፤ መልእክቱን ያደረሰው በአዲስ አበባ የእንግሊዝ መንግሥት እንደራሴ የነበረው ጆን ሃሪንግተን ነው። ንግሥቲቱ ድምፃቸው ከተሰማ በኋላ በርሜሉ እንዲጠፋ አዘው ስለነበር እንደ ትእዛዛቸው ተደረገ። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም በ1899 መልሳቸውን በየራሳቸው ድምፅ ላኩ፤ የእነርሱ ቃል ግን ሳይጠፋ በእንግሊዝ አገር ተጠብቆ እስከ ዛሬ ይሰማል።

ይህ መልእክት ለጎንደር አገር የሚነካው ነገር አለው። ዳግማዊ ምኒልክ ከወዳጅነት ሰላምታ ጋር የተናገሩት ስለ መተማ ነውና። ከጎንደር በስተ ምዕራብ ባለው ቆላ የምትገኘው መተማ፣ ዐፄ ዮሐንስ በማርች 1889 ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ የወደቁባት ቦታ ናት። ንጉሠ ነገሥቱም ስለዚህ ደም የእንግሊዝ መንግሥት የኢትዮጵያን መብት ያውቅ ዘንድ በመሣሪያው ጠየቁ። የወሰኑ ውል በ1902 ተፈረመ፤ ዛሬም ጋላባት በሱዳን ወገን፣ መተማ በኢትዮጵያ ወገን ፊት ለፊት ተያይተው ይገኛሉ።

አንባቢ በተለይ ሊያስተውለው የሚገባው የልውውጡን መልክ ነው። በዚህ ጊዜ መሣሪያው የቃል መቀባበያ ሆኖ አገለገለ፤ አንዱ ተናገረ፣ ሌላው ሰምቶ መለሰ። ይኸውም ከአገሩ ልማድ ጋር የሚስማማ ነበር። እንዲህ ያለው ነገር ግን የሁለት ነገሥታት ዕድል ሆኖ ቀረ። መሣሪያው ወደ ሕዝቡ ሲወርድ መናገር የሚችል፣ መስማት ግን የማይችል ሆኖ ወረደ።

ሸክላ

ኤሚል በርሊነር የተባለው ሰው በ1887 በሰም በርሜል ፋንታ ጠፍጣፋ ክብ ነገር ላይ ድምፅ የሚቀዳበትን ግራማፎን አወጣ። ክቡ በአንድ ቅርጽ እየታተመ በብዙ ሺህ ሊባዛ ስለሚችል፣ ዘፈን በገበያ የሚሸጥ ዕቃ ሆነ። በአገራችንም ይህ ዕቃ «ሸክላ» ተባለ። ስሙ መልካም ስም ነው፤ እንደ ሸክላ ይሰበራልና።

ከኢትዮጵያውያን መካከል ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ቀዳሚ ሆነው የሚታወቁት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። የሚንጃር ተወላጅ ሲሆኑ በግጥም ብልሃታቸው የተመሰገኑ ነበሩ። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ለትምህርት ወደ ጀርመን አገር በተላኩ ጊዜ ዘፈናቸውን እዚያው አስቀረጹ። ነጋድራስ ተሰማ በሙያቸው አዝማሪ አልነበሩም፤ ነገር ግን ጥበቡን አሳምረው ያውቁ ነበር። የእርሳቸው ሸክላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የባለ ማሲንቆ ድምፅ ባለ ማሲንቆው በሌለበት ቤት ሊሰማ መቻሉ ነው።

ይህ ነገር ለዘፈኑ ሁለት ለውጥ አመጣበት። የመጀመሪያው የጊዜ ነገር ነው። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው የድሮው ሸክላ በአንድ ፊቱ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ነው። አዝማሪ ግን እንደ ጉባኤው ሙቀት አንዱን ዜማ ሲያሻው ለግማሽ ሰዓት፣ ሲያሻው እስከ እኩለ ሌሊት ያስኬደዋል። ስለዚህ ዘፈኑ መጀመሪያውና መጨረሻው የተወሰነ፣ ግጥሙም አስቀድሞ የተመረጠ መሆን ነበረበት። ሁለተኛው ለውጥ ከዚህ ይበልጣል፤ ሸክላን «ተቀበል» የሚለው የለም። ሰሚው ደስ ቢለው ይደግመዋል፤ ባይወደው ያነሣዋል። ግጥም ሊጨምርበት፣ ሊሞግተው፣ ወይም በእርሱ አፍ ለጎረቤቱ ሊናገር ግን አይችልም። በጠጅ ቤት ገጣሚ የነበረው ሰው በግራማፎን ፊት ሰሚ ብቻ ሆነ።

ይህን ጉድለት ብቻ አይቶ መፍረድ ግን ፍትሕ አይሆንም። ሸክላ በአንድ አውራጃ የሚታወቀውን ዘፈን ለአገሩ ሁሉ አሰምቶአል። እንደ ትዝታና እንደ ባቲ ያሉት ቅኝቶች በሰፊው እንዲታወቁ፣ ለዘመናዊ የሙዚቃ ጓድ ሥራም መሠረት እንዲሆኑ ረድቶአል። በ1969 አምኃ እሸቴ የተባለ ወጣት፣ ሸክላ የማሳተሙ መብት ለሀገር ፍቅር ቲያትር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ በራሱ ድፍረት አምኃ ሪከርድስን አቁሞ እስከ 1975 ድረስ መቶ ያህል ሸክላ አሳተመ። ዛሬ ዓለም የሚያደንቀው የዚያ ዘመን የአዲስ አበባ ሙዚቃ የተረፈው በእነዚያ በሚሰበሩ ሸክላዎች ነው።

ተመራማሪዎችና የባለዛሮች ቤት

መሣሪያው ለገበያ ብቻ ሳይሆን ለምርምርም ዋለ። የጀርመን መንግሥት በ1906 ወደ አክሱም በላከው የጥናት ጓድ ውስጥ ሐኪም የነበረው ኤሪክ ካሽኬ በሰም በርሜል የአገሩን ዜማ ቀድቶ ወደ በርሊን ወሰደ። በጎንደር በኩል ስሙ የሚነሣው ግን በማርሴል ግሪዮል መሪነት ከዳካር ተነሥቶ እስከ ጅቡቲ አፍሪካን ያቋረጠው የፈረንሳዮች የጥናት ጓድ ነው። ጓዱ የፊልም ማንሻና የድምፅ መቅረጫ ይዞ በ1931 ከዳካር ተነሣ፤ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር 1932 ድረስም በጎንደር ሰፈረ።

ከጓዱ አባሎች አንዱ ሚሼል ሌሪስ የተባለው ደራሲ ነበር። ሌሪስ ከአስተርጓሚውና ከረዳቱ ከአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ጋር ሆኖ መልካም አያሁ በተባሉት የጎንደር ባለዛር ቤት እየተመላለሰ የዛሩን ሥርዓት አጠና። በዛር ቤት ሰው የሚናገረው በራሱ ድምፅ አይደለም። ዛሩ ሲሰፍርበት ድምፁ ይለወጣል፣ ፉከራው ይለወጣል፣ ስሙም የዛሩ ስም ይሆናል። ከዙሪያው ያሉት ደግሞ ያጨበጭባሉ፣ ይቀበላሉ፣ ዛሩን ይጠይቃሉ፣ ዛሩም ይመልሳል። ሌሪስ በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሥርዓት ከቲያትር ጋር አስተያይቶ፣ በሚኖሩት ቲያትርና በሚጫወቱት ቲያትር መካከል ያለውን ልዩነት መረመረ። በ1934 በታተመው የመንገድ ማስታወሻው ውስጥ ደግሞ፣ ሰው ሁሉ በሥርዓቱ ሲነድ እርሱ ብቻ ደብተር ይዞ ታዛቢ ሆኖ መቀመጡ እንዳስመረረው ሳይሸሽግ ጽፎአል። ይህ ምሬት የደብተርም የመሣሪያም የጋራ ነገር ነው። ሁለቱም ይቀበላሉ፤ ለሰጣቸው ግን አይመልሱም።

ጓዱ በጎንደር ያደረገው ሌላ ሥራ ይህንኑ በጎላ ሁኔታ ያሳያል። በአባ እንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን የነበሩት ጥንታውያን ሥዕሎች ከግድግዳው ተነሥተው ወደ ፓሪስ ተወሰዱ፤ በስፍራቸውም ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለው የጓዱ ሠዓሊ የሠራቸው ቅጂዎች ተተኩ። ዋናዎቹ ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። የፎኖግራፍ ነገር በባሕርዩ ከዚህ ይለያል፤ የድምፁ ቅጂ ቢሄድም ዋናው በባለቤቱ አፍ ይቀራልና። ሆኖም ባለቤቱ ሲሞት ቅጂው ብቻ ይቀራል። ያን ጊዜ ቅጂው ያለበት አገር የዋናው ባለቤት ይመስላል።

ሲኒማ

የሲኒማ ዘዴ የዓይንን ጠባይ የሚጠቀም ነው። በተከታታይ የተነሡ ፎቶግራፎች በአንድ ሴኮንድ ውስጥ አሥራ ስድስትና ከዚያም በላይ ሆነው በብርሃን ፊት ሲያልፉ፣ ዓይን ሊለያያቸው ስለማይችል አንድ እንቅስቃሴ አድርጎ ያያቸዋል። በ1927 ድምፅ ከፊልም ጋር ከተዋሐደ ወዲህ ፍጥነቱ በሴኮንድ 24 ሥዕል እንዲሆን ተወሰነ።

ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሕዝቡ ከመጀመሪያዎቹ ማሳያ ቤቶች አንዱን «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ይህን ስም ብዙዎች የድንቁርና ምልክት አድርገው ይስቁበታል። ነገሩን በጥሞና ለተመለከተው ግን ስሙ ያለ ምክንያት የወጣ አይደለም። አካል የሌለው መልክ፣ ሲጠሩት የማይሰማ፣ ሲመቱት የማይቈስል ፍጡር በአገሩ እምነት ቦታው የታወቀ ነው። ሕዝቡ አዲሱን ነገር በነበረው እውቀት መድቦ ጠራው እንጂ ሳያስተውል አልጠራውም። ዛር እንኳ ሲጠይቁት ይመልሳል፤ በመጋረጃው ላይ ያለው ጥላ ግን አይመልስም።

በጎንደር ሲኒማ የገባው ከጦር ጋር ነው። የስታራቼ ጦር በ1936 ኤፕሪል 1 ቀን ጎንደርን ያዘ፤ በ1924 የተቋቋመው ሉቼ የተባለው የኢጣልያ መንግሥት የፊልም ድርጅትም የወረራውን ጦርነት እየተከተለ ያነሣ ነበር። ጎንደር የአማራ ግዛት ዋና ከተማ ስትደረግ፣ ጌራርዶ ቦዚዮ የተባለው አርክቴክት ያወጣላት ፕላን የአውሮጳውያንን ሰፈር ከአገሬው ሰፈር የለየ ነበር። በፋሲል ግንብ አጠገብ ባለው ፒያሳም ፖስታ ቤቱና ሲኒማ ቤቱ ተሠሩ። «ፒያሳ» እና «ሲኒማ» የሚሉት ቃላት በከተማው ሰው አፍ የቀሩት ከዚያ ዘመን ነው። በኖቬምበር 1941 የጄኔራል ናሲ ጦር እጁን ሲሰጥ፣ ለወራሪው የተሠራው ሲኒማ ቤት ለከተማው ሰው ቀረ።

በዚህ ከተማ በ1946 የተወለዱት ኃይሌ ገሪማ ከጦርነቱ በኋላ በጎንደር ሲኒማ ካደጉት ልጆች አንዱ ናቸው። አባታቸው ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው» የተባለውን የአርበኝነት ታሪክ የጻፉ፣ ቲያትርም እየደረሱ በየአውራጃው የሚያሳዩ ሰው ነበሩ፤ ልጁም ከአባታቸው የቲያትር ጓድ ጋር ይጫወቱ ነበር። እንግዲህ ሕፃኑ በአንድ በኩል በአገሩ ሰው የተደረሰውንና ተመልካቹ ቀርቦ የሚያየውን የአባቱን ቲያትር፣ በሌላ በኩል ከአሜሪካ የመጣውን ፊልም ያይ ነበር። ኃይሌ ገሪማ በኋላ በሰጡት ቃለ ምልልስ እንደተናገሩት፣ እርሳቸውና ጓደኞቻቸው ታርዛንን ሲያዩ ልባቸው ከታርዛን ጋር ነበር፤ አፍሪካውያኑ ከኋላው ሲመጡበት እንዲጠነቀቅ ይጮኹለት ነበር። የአርበኛ ልጆች ሳያውቁት ከባዕዱ ወገን ቆሙ።

ልጆቹ መጮኻቸው ሊዘነጋ አይገባም። በአዝማሪ አገር የተወለደ ልጅ ዝም ብሎ ማየት አልለመደም፤ በመጋረጃው ላይ ላለው ሰው ሳይቀር ቃል ያቀብለዋል። ጥላው ግን አልሰማም። መሣሪያው ያመጣው ትልቁ አደጋ በዚህ ስፍራ ይገለጣል፤ ሰው ሊመልስለት ከማይችለው ተናጋሪ ዘንድ ስለ ራሱ የተነገረውን ታሪክ ሊቀበል ይችላል።

ኃይሌ ገሪማ በ1967 ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ በሎስ አንጀለስ የፊልም ጥበብ ተማሩ፤ በኋላም በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። ከ1974 አብዮት በኋላ ወዲያው ወደ አገራቸው ተመልሰው፣ በጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ተዋናይነት ሙያቸው ካልሆነ ሰዎች ጋር ሆነው፣ በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ስለ ገበሬና ስለ ባለ መሬት የሚናገረውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» አነሡ፤ ፊልሙም በ1976 ታየ። በ2008 የወጣው «ጤዛ» ደግሞ በጀርመን አገር ተምሮ ወደ እናቱ መንደር ወደ ጣና ዳር የተመለሰ የሕክምና ምሁርን ታሪክ የሚያሳይ ነው፤ በቬኒስ ሽልማት ካገኘ በኋላ በ2009 በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም በዓል ዋናውን ሽልማት ተቀበለ። በሕፃንነታቸው ለማይሰማው ጥላ ይጮኹ የነበሩት ሰው መሣሪያውን በእጃቸው ይዘው መለሱለት። በአዝማሪ ቋንቋ ቢነገር «ተቀበል» አሉት ማለት ነው።

ቴፕና ካሴት

መሣሪያው ለተራው ሰው የመናገርን ዕድል የሰጠው በቴፕ ነው። ድምፅን በማግኔት የሚይዘው ሪባን በ1935 በርሊን ላይ ለሕዝብ ታየ፤ ትንሹ ካሴት ደግሞ በ1963 ወጣ። ሸክላ የሚሠራው በፋብሪካ ሲሆን፣ ካሴትን ግን ማንም ሰው በቤቱ ሊቀዳበት፣ አጥፍቶም እንደ ገና ሊቀዳበት ይችላል።

በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ጨዋታ በዘጋ ጊዜ ዘፈን በካሴት እየሆነ በየቤቱና በየቡና ቤቱ ገባ። አዝማሪው በዚህ ብዙ ገበያ ሳይቀርበት አልቀረም። ነገር ግን በ1991 ሰዓት እላፊው ሲነሣ በአዲስ አበባ የአዝማሪ ቤቶች እንደ ገና በረከቱ፤ ከጎንደርና ከጎጃም የመጡ አዝማሪዎችም ሥራ አገኙባቸው። ካሴት በየቤቱ እያለ ሰው ወደ አዝማሪ ቤት የሄደበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በካሴት የማይገኘውን «ተቀበል» ፍለጋ ነው።

ካሴት ሌላም አገልግሎት ነበረው። ወደ ውጭ አገር የተሰደደ ልጅ ድምፁን ቀድቶ ለወላጆቹ ይልካል፤ ፊደል የማይቈጥሩት እናትም ያለ ጸሐፊ የልባቸውን ተናግረው ይመልሱለታል። ዳግማዊ ምኒልክና ንግሥት ቪክቶሪያ በሰም በርሜል ያደረጉትን የድምፅ መልእክት፣ ሰማንያ ዓመት ያህል ቆይቶ ተራው ሰው አደረገው።

የቴፕ ዋጋ ይበልጥ የሚታወቀው ግን በቤተ እስራኤል ታሪክ ነው። ኬይ ካውፍማን ሼለሜይ የተባሉት አሜሪካዊት የሙዚቃ ተመራማሪ በ1973 ከጎንደር ከተማ አቅራቢያ ባለችው በአምቦበር ተቀምጠው የቤተ እስራኤል ቄሶች በግእዝና በከፊልም በአገውኛ የሚያደርሱትን ጸሎት በቴፕ ቀዱ። በ1986 ባሳተሙት መጽሐፍም ይህ ዜማ ከኢትዮጵያ ገዳማት ሥርዓት ጋር የጠበቀ ዝምድና እንዳለው አስረዱ፤ አስተያየታቸውም ብዙ ክርክር አስነሣ። ያን ጊዜ የአምቦበር መስጊድ በሰው የተሞላ ነበር። ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ በሱዳን በኩል፣ በሜይ 1991 ደግሞ በሁለት ቀን ውስጥ ከአሥራ አራት ሺህ የሚበልጥ ሰው በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲሄድ፣ የደጋው መንደሮች ከባለቤቶቻቸው ተለዩ። በአገሩ ላይ፣ በመንደሩ ጉባኤ መካከል የተደረገው ጸሎት እንዴት ይሰማ እንደነበር ዛሬ ሊመሰክሩ ከሚችሉት ጥቂት ነገሮች መካከል እነዚያ ቴፖች ይገኙበታል። በዚህ ጊዜ መሣሪያው የወሰደው ሳይሆን ያተረፈው ይበልጣል።

የነገሩ ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው እንደሚታየው፣ ድምፅንና መልክን የሚይዙት መሣሪያዎች በራሳቸው ባህልን የሚያጠፉ ወይም የሚያድኑ አይደሉም። ያው መሣሪያ በነገሥታቱ እጅ መልእክት መቀባበያ ሆነ፤ በነጋዴ እጅ ዘፈንን ከጉባኤው የሚለይ ዕቃ ሆነ፤ በወራሪ እጅ የድል ማሳያ ሆነ፤ ከጎንደር በወጣ ደራሲ እጅ መልስ መስጫ ሆነ፤ በተመራማሪ እጅ ደግሞ አንድ ጊዜ መውሰጃ፣ አንድ ጊዜ መታደጊያ ሆነ። ልዩነቱን ያመጣው፣ ድምፁ የተያዘበት ሰው መልሶ መስማትና መልሶ መናገር መቻሉና አለመቻሉ ነው።

ዛሬ ድምፅና ሥዕል መያዣ መሣሪያ በእረኛው ኪስ ሳይቀር ይገኛል። በጥምቀት ዕለት በፋሲል መዋኛ ዙሪያ የሚነሣውን ፊልም የሚቈጥረው የለም። ነገር ግን ብዙ መያዝ ማለት ብዙ መጠበቅ ማለት አይደለም። የአገርን ቃል የሚሰበስብ ሰው ሊጠብቃቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የዘፋኙን ወይም የመምህሩን ስምና አገር መጻፍ ነው፤ ስሙ ያልተጻፈ ድምፅ የሙት ልጅ ነውና። ሁለተኛው ግጥሙ በምን ጉባኤ፣ በማን «ተቀበል» ባይነት እንደተነገረ ማስታወስ ነው፤ ይህ ከቀረ የተያዘው መንቀጥቀጡ ብቻ ነው። ሦስተኛው ቅጂውን ለባለቤቱና ለመንደሩ መመለስ፣ እንዲሁም ሕዝቡ ሊደርስባቸው በሚችሉ እንደ ኢትዮጵያ ጥናት ተቋምና እንደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባሉ ስፍራዎች ማኖር ነው።

የዜማ መምህር ተማሪውን የሚያስመሰክረው ተማሪው የተቀበለውን መልሶ ሲያሰማ ነው። የሚቀዳውም ሰው በዚሁ ሕግ ሊመዘን ይገባል፤ የተቀበለውን ለሰጡት ሰዎች መልሶ ያላሰማ እንደ ሆነ ትምህርቱን ገና አልፈጸመም።